የቤት ጉዳይ፦ ደመወዝተኛ በወር የሚቆጥበው፣ ከተማው በአንድ ጊዜ የሚጠይቀው

አንባቢዎች ይጠይቃሉ፤ ለብዙ ዓመታት በአንድ ክፍለ ከተማ የቤቶች መዝገብ ክፍል ሠርተው በጡረታ የተሰናበቱት የዓምዱ አዘጋጅ ይመልሳሉ።

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። ሦስቱ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከዱባይ ነው። ጸሐፊዎቹ ገቢያቸው ለዝቅተኛ ገቢ ለታሰበው የ10/90 የቤት ፕሮግራም ከፍ ያለባቸው (በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው የሚቆጥበው፣ ሁለተኛው ባንክ የሚያበድረው በመቶ ነው)፣ ለሪል ስቴት ደግሞ የማይደርስላቸው ሰዎች ናቸው። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁ በሥራቸውና በሰፈራቸው ብቻ ጠርቻቸዋለሁ።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ፤ ባለቤቴ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። በ2005 ዓ.ም. በእኔ ስም ለባለሁለት መኝታ 40/60 ተመዝግበን ስንቆጥብ ኖረናል። ኮቪድ በገባበት ዓመት ለተወሰኑ ወራት አቋርጠን ነበር፤ ከዚያ ቀጠልን። ዛሬም ኪራይ ቤት ነን። ባልደረቦቼ ‹በማኅበር እንደራጅ፤ 70 በመቶውን ካስገባን መሬት ይሰጠናል› እያሉኝ ነው። ብሩን ለመሙላት ዕቁባችንን አስቀድመን ወስደን የጎደለውን ከአበዳሪ መበደር ሊኖርብን ነው። ልግባ ወይስ ዕጣዬን ልጠብቅ?» (መምህርት፣ ከጀሞ)

ልጄ፣ በስምሽ ያለውን ምዝገባ አጥብቀሽ ያዢ፤ በአራጣ ብር ግን ማኅበር አትግቢ። ምክንያቴን ላስረዳሽ፤ ረዘም ይላል።

በ2005 ክረምት እናንተ ስትመዘገቡ የወጣው ስሌት ደመወዝተኛን ያሰበ ነበር። ባለአንድ መኝታው 162,645 ብር፣ ባለሁለት መኝታው 250,000 ብር፣ ባለሦስት መኝታው 386,400 ብር ተብሎ ተገመተ። ተመዝጋቢው 40 በመቶውን በአምስት ዓመት ይቆጥባል፤ 60 በመቶውን ባንክ ያበድረዋል። ወርኃዊ ቁጠባው እንደየመኝታው 1,033፣ 1,575 እና 2,453 ብር ነበር። ያንቺን ብቻ እንይ። 1,575 ብር በ60 ወር ሲባዛ 94,500 ብር ይመጣል፤ ወለዱ ሲታከልበት ወደ 100,000 ብር ይጠጋል። ይህም የ250,000 ብሩ 40 በመቶ ነው። የመምህርትና የላቦራቶሪ ባለሙያ ደመወዝ ተደምሮ፣ ከአስቤዛው ቆንጠር እየተደረገ፣ የሚገፋ ነገር ነበር። እኔ ይህን ስሌት ዛሬም ቢሆን ለመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ በዚህ ከተማ ከታሰቡት ሁሉ የተሻለው ነው እላለሁ፤ የሚጠይቀው ሰው ያለውን ነገር ነበርና።

ችግሩ የመጣው ቤቱ ሲደርስ ነው። በ2009 ዓ.ም. የሰንጋተራና የክራውን ሳይቶች 972 ቤቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ዕጣ ሲወጣባቸው፣ ዕጣው ውስጥ የገቡት የቤቱን ዋጋ 100 በመቶ አስቀድመው የከፈሉ ነበሩ። በየወሩ 1,575 ብሩን ሳያጓድል ያስገባው ሰው ከዳር ቆሞ አየ። በየካቲት 2011 የ18,576 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ በሩ ሰፋ አለ። በሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ ደግሞ ቁጠባቸው ያልተሟላ ሰዎች በኮምፒውተር ሥርዓቱ ውስጥ ተካተው በመገኘታቸው ተሰረዘና በሕዳር 2015 እንደገና ወጣ፤ የ20/80 እና የ40/60 ቤቶች ተደምረው ከ25 ሺህ በላይ ነበሩ። ያ ዕጣ መሰረዙ ትክክል ነበር። የመጀመሪያዎቹ ባለዕድሎች ቢያዝኑም፣ ደብተሩን ወር በወር የሞላ ሰው ባልሞላ ሰው ሊቀደም አይገባም።

አሁን ወደ ማኅበሩ እንምጣ። ከ2014 ጀምሮ የ2005 ተመዝጋቢዎች ፈቃደኛ ከሆኑ በማኅበር ተደራጅተው ራሳቸው እንዲገነቡ ከተማው መንገድ ከፍቷል፤ መሬት ያቀርባል፣ አባላቱ ደግሞ የግንባታውን ወጪ 70 በመቶ በዝግ ሂሳብ ያስገባሉ። ሐሳቡን አልነቅፍም። ከተማው መሬቱን ሰጥቶ ግንባታውን ለነዋሪው መተዉ ወረፋውን ያቃልላል፤ በደርግ ዘመን በማኅበር የተሠሩ ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ነገር ግን ለስሌት ያህል የአንድ አባል ድርሻ 3 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። 70 በመቶው 2.1 ሚሊዮን ብር ነው። ይህን ብር ከደመወዝ አጠራቅሞ በአንድ ቀን የሚያስገባ መምህር የት ይገኛል? መሬት ወይም መኪና የሸጠ፣ ከውጭ የሚላክለት፣ ንግድ ያለው ሰው ያስገባል፤ ደህና፣ ይግባ። አንቺ ግን የምታስገቢው የአበዳሪን ብር ነው። ብሩ በዝግ ሂሳብ ተቀምጦ ግንባታ ሲጠብቅ የአራጣው ወለድ አይጠብቅም። በዚያ ላይ የጀሞው ኪራይ በየወሩ ይከፈላል። ዕቁባችሁን አስቀድማችሁ ከወሰዳችሁ ደግሞ ቀሪው ጊዜ ሁሉ የመክፈል ነው። ሦስት ዕዳ በአንድ ደመወዝ ላይ ሲያርፍ በመጀመሪያ የሚጎዳው የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ መሆኑን ከመዝገብ ክፍሉ ባንኮኒ ጀርባ ሆኜ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ስለ ቀሪው 30 በመቶም አስቢ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባው ሁሉ፣ ሊፍቱ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ዕቃ፣ በማኅበሩ የመጀመሪያ ግምት ላይ ሊቆም አይችልም። ሰነዱ ላይ የተጻፈው 30 በመቶ ሕንፃው ሲያልቅ ስንት ብር እንደሚሆን ማንም ቃል ሊገባልሽ አይችልም።

ሳትበደሪ የምታሟዪበት መንገድ ከተገኘ ግን፣ ለምሳሌ ከቤተሰብ ያለ ወለድ፣ ከመፈረምሽ በፊት እነዚህን በጽሑፍ አስመልሺ፦ ዝግ ሂሳቡ በማን ስም ነው? ገንዘቡ የሚወጣው በማን ፊርማና በምን የግንባታ ደረጃ ነው? አንድ አባል ቢወጣ ገንዘቡ እንዴት ይመለስለታል? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ማኅበር ስትገቢ የዕጣ ምዝገባሽ ይዘጋል ወይስ ይቆያል? የመጨረሻውን መልስ የማኅበሩ ሰብሳቢ በቃል ቢነግርሽ አትቀበዪ፤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይሁን።

በዚህ ሳምንት ግን ሌላ ሥራ አለሽ። ባንክ ሂጂና የቁጠባ ሂሳብሽን ሙሉ ዝርዝር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አሳትመሽ ውሰጂ። ያቋረጣችኋቸውን ወራት በእስክሪብቶ አክብቢ፤ ድምሩ 40 በመቶውን መሙላቱን አረጋግጪ፤ ከጎደለ ሙዪ። በዕጣው ላይ ለሴቶች 30 በመቶ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20 በመቶ፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ቅድሚያ ሲሰጥ ቆይቷል። አንቺ ሴትም የመንግሥት ሠራተኛም ነሽ። ምዝገባሽ ላይ ሥራሽ እንዴት እንደተጻፈ እዪ፤ በ2005 የግል ትምህርት ቤት ስታስተምሪ ተመዝግበሽ ከሆነ መረጃው ይታረም። የቆጠብሽውን ብር ደግሞ ለሠርግም ለሕመምም ብለሽ አትንኪ፤ ብሩ ከወጣ ወረፋውም አብሮ ይሄዳል።

ከተማው ይህን ዓምድ የሚያነብ ከሆነ አንድ ነገር ልለምን። 70 በመቶው በአንድ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ በግንባታው ደረጃ ይከፋፈል፦ መሠረት ሲወጣ የተወሰነ፣ ስላብ ሲሞላ የተወሰነ። ለአምስትና ለአሥር ዓመት ወር ሳይዘል የቆጠበ ሰው ታማኝነቱን ከዚህ በላይ በምን ያሳይ? ያ የቁጠባ ታሪክ ለባንክ ብድር ዋስትና ሆኖ ሊቆጠርለት ይገባል።

«ሰሚት አካባቢ ባለአንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ እኖራለሁ። የግል ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምከፍለው 14,000 ብር ነው፤ ወረዳ ስንመዘገብ ግን አከራዬ ‹ግብሩ ይበዛብኛል› ብለው ውሉ ላይ 7,000 አስጻፉ። ሰባት ወር ሳይሞላ ወደ 19,000 ከፍ አድርግ ወይም ልቀቅ እያሉኝ ነው። ሕጉ ያድነኛል?» (ሒሳብ ሠራተኛ)

ያድንሃል፤ ነገር ግን ውሉ ላይ የተጻፈው 7,000 ብር ሥራህን አክብዶብሃል።

አዋጁ ቁጥር 1320/2016 ነው፤ በመጋቢት 2016 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ። የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፤ በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ በሰባተኛው ወር «ጨምር ወይም ልቀቅ» የሚል ነገር የለም። ለሁለት ዓመት ተዋውለሃል።

እንግዲህ ያንን 7,000 ብር አስብ። አከራይህ ነገ ወረዳ ቀርበው «ውላችን 7,000 ነው፤ ሌላውን አላውቅም» ቢሉ፣ ቀሪው 7,000 ብር በምን ይረጋገጣል? በባንክ ሁለት ጊዜ እየከፈልክ ከሆነ የዝውውሩን ማስረጃ አሳትመህ አስቀምጥ። ግማሹን በእጅ ሰጥተህ ከነበረ ከዚህ ወር ጀምሮ አቁም፤ ሙሉው በባንክ ይግባ፤ «የወሩ የቤት ኪራይ» ብለህም ምክንያቱን ጻፍበት። ብዙ ተከራይ ይህን የውሸት ቁጥር ለአከራዩ የዋለው ውለታ አድርጎ ያየዋል። ውለታ አይደለም፤ የራስህን ጋሻ አውልቀህ መስጠት ነው። ሐሰት በሆነ ቁጥር ላይ ሁለታችሁም ፈርማችኋል፤ ክርክሩ ሲመጣ የሚጠየቀው አከራዩ ብቻ አይሆንም።

ምክሬ ይህ ነው። መጀመሪያ አከራይህን በአክብሮት አነጋግራቸው፤ አንድ ሽማግሌ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ጎረቤት ይሁን፣ የሕንፃው ማኅበር ሊቀመንበር ይሁን። ውሉ በእውነተኛው ዋጋ ታርሞ እንደገና እንዲመዘገብ ጠይቅ። ጥያቄው የእሳቸውን ግብር እንደሚነካ አውቃለሁ፤ ይከፋቸው ይሆናል። እምቢ ካሉ ወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄደህ አመልክት፤ ማመልከቻህ ላይ የተቀበለው ሠራተኛ ቀንና ቁጥር ይጻፍልህ። የከፈልካቸውን ወራት ዝርዝር ከባንክ ማኅተም ጋር አያይዝ። በማስፈራሪያ ቤት አትልቀቅ። ቁልፉን አንዴ ካስረከብክ ክርክሩ ይከብድሃል።

የዚህ ሕግ ወገን ነኝ። አከራዮች ሲቃወሙት ሰምቻለሁ፤ ከጡረታ ሌላ ያለቻቸው አንዲት ክፍል የሆነች እናቶች እንዳሉም አውቃለሁ፤ ለእነርሱ የዓመቱ ጭማሪ መጠን የገበያውን ዋጋ ያገናዘበ መሆን አለበት። ነገር ግን በየስድስት ወሩ ዕቃ ጭኖ ሰፈር የሚቀይር ቤተሰብ ልጁን አንድ ትምህርት ቤት አስጨርሶ ማስተማር አይችልም። ሁለት ዓመት የተረጋጋ ውል ለደመወዝተኛ ትልቅ ነገር ነው።

«ሰላም ጋሼ። ዱባይ በቤት ሠራተኝነት ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። ወንድሜ ‹ከሁለት ዓመት በፊት ቁልፍ ከተቀበለ ሰው ኮንዶሚኒየም በውክልና እንግዛ፤ አምስት ዓመት ሲሞላ ስሙ ይዞርልናል› አለኝ። ብሩን ልላክ?» (እህታችሁ፣ ከዱባይ)

አትላኪ፣ እህቴ።

በአዲስ አበባ በአዋጅ ቁጥር 19/1997 መሠረት የኮንዶሚኒየም ባለዕድል ቤቱን ከተረከበ በኋላ እስከ አምስት ዓመት መሸጥ አይችልም። ወንድምሽ የሚለው ውክልና ሽያጭ አይደለም። ወካዩ በፈለገ ቀን ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ከሞተም ውክልናው ያበቃል። በቀሪው ሦስት ዓመት ውስጥ ሰውየው ቢሞት ልጆቹ ቤቱን ይወርሳሉ፤ አንቺ በእጅሽ የሚቀርሽ በሕግ ፊት ያልቆመ ወረቀት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት፤ ያ አካል ደግሞ አምስት ዓመት ያልሞላውን ኮንዶሚኒየም ሽያጭ አይመዘግብም።

ለቤተሰብ ቤት መግዛትሽን ግን አልከለክልም። አምስት ዓመቱን የጨረሰ፣ ካርታው በሻጩ ስም የወጣ ቤት ፈልጉ። የባንክ ዕዳ ካለበት ዕዳው ስንት እንደቀረ ከባንኩ በጽሑፍ ይምጣ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባለቤቱም ይፈርሙ። ብሩ በሻጩ የባንክ ሂሳብ የሚገባው ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ በሚፈረምበት ቀን ይሁን። ካርታውም በአንቺ ስም ይውጣ፤ ይህን የምለው ወንድምሽን ጠርጥሬ አይደለም፤ ላብሽ ስለሆነ ነው።

«ለዓምዱ አዘጋጅ። በገርጂ ከመጀመሪያዎቹ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች አንዱ ነኝ። ቤቴን ስረከብ ሰው ሁሉ ይደርሰዋል የሚል ተስፋ ነበረኝ። ዛሬ ልጄ ባንክ ቤት እየሠራች ኪራይ ትከፍላለች፤ በ2005 ለ20/80 ተመዝግባለች። ከተማው እንደ ገርጂው መሥራቱን ለምን አልቀጠለም? ደግሞስ ቤቴን በስጦታ ላስተላልፍላት?» (ጡረተኛ፣ ከገርጂ)

ክቡር ወንድሜ፣ የገርጂው ሥራ በእኔም ልብ ውስጥ አለ። በ1996 ዓ.ም. ገደማ፣ አቶ አርከበ ዕቁባይ የከተማው ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ፣ በጀርመን የቴክኒክ ድጋፍ የተሠራ የሙከራ ሥራ ነበር፤ ወደ 750 ቤቶች። ወጪው የወረደው በዘዴ ነው። ብሎኬቱንና ለጣሪያ የሚሆኑትን ተገጣጣሚ ቢሞች በጥቃቅን ማኅበራት የተደራጁ ወጣቶች ያመርቱ ነበር፤ በኋላም ለክፍል መከፋፈያ አግሮስቶን የተባለው ቀላል የግድግዳ ሰሌዳ መጣ። መሬቱ በነፃ ነበር፤ ቤቱም መሐል ሰፈር ውስጥ፣ ሰው ሥራው አጠገብ ነበር።

ቁጥሩ ሲበዛ ነገሩ ተለወጠ። በ1997 ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ በ2005 ደግሞ ወደ 900 ሺህ ገደማ። ከተማው ግንባታውን የሚያካሂደው ቦንድ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እየሸጠ ነበር፤ ስለዚህ ዕዳው ከሕንፃው ጋር አብሮ ከፍ አለ። ሰፊ መሬት የተገኘው ዳር ነው፤ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ። ባለዕድሉ ቁልፍ ሲረከብ ወለሉ ያልተነጠፈ፣ ኩሽናው ባዶ የሆነ ቤት ይጠብቀዋል፤ አራተኛ ፎቅ ውኃ ስለማይወጣ ሮቶ ይገዛል። ከዚያ በየቀኑ የታክሲው ሁለትና ሦስት ቅያሬ አለ። ይህ ሁሉ በቤቱ ዋጋ ውስጥ አልተጻፈም፤ ብዙ ባለዕድል ቤቱን አከራይቶ ራሱ መሐል ከተማ በኪራይ የቀረውም ለዚህ ነው። አሁን ከተማው መሬት እያቀረበ የግል አልሚ እንዲገነባ ወደማድረግ አዘንብሏል። መልካም ሊሆን ይችላል፤ እኔ የምጠይቀው ከዚያ ከሚገነባው ውስጥ ለ2005 ቆጣቢ የሚመደበው ድርሻ በግልጽ ተቆጥሮ እንዲታወቅ ነው።

ስለ ስጦታው፦ ሕጉ አይከለክልዎትም፤ አምስት ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል፤ የባንክ ዕዳውን ከጨረሱ በሕጋዊ የስጦታ ውል ማስተላለፍ ይችላሉ። ነገር ግን አሁን አያድርጉት። ልጅዎ ለ20/80 ስትመዘገብ በስሟም ሆነ በትዳር ጓደኛዋ ስም በአዲስ አበባ ቤት እንደሌላት አረጋግጣለች። ካርታው በስሟ የወጣ ቀን ያ ማረጋገጫ ይፈርሳል፤ ከ2005 ጀምሮ የቆጠበችበት ወረፋም ይጠፋል። ገርጂ አብራችሁ መኖር ከቻላችሁ ኪራዩ ይቅርላትና ብሩን ወደ ቁጠባ ሂሳቧ ታዙረው። ቁጠባዋ የተቋረጠበት ወር ካለ ከባንኩ ዝርዝር አውጥታ ትሙላ። የስጦታውን ነገር የእሷ ዕጣ ከታወቀ በኋላ እንደገና ይጻፉልኝ፤ የዚያን ጊዜ ካርታዎንና የዕዳ ማጠናቀቂያውን ደብዳቤ ቅጂ አብረው ይላኩ።